«የለም» የሚል ወጥ ቤት ይመስገን

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ መተማ ዮሐንስ የደረሰ እንግዳ፣ አልጋ ይዞ፣ አቧራውን ታጥቦ ከሆቴሉ ምግብ ቤት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚቀርብለት ነገር በላስቲክ የተለበጠ ሜኑ ነው። ሜኑው በወጉ ከቁርስ ይጀምርና ወደ ክትፎ፣ ጎረድ ጎረድ፣ ዱለት፣ ዶሮ ወጥ፣ አሳ ጉላሽ ይሻገራል። ገጹ ሲገለበጥ ጣሊያን አገር ይገባል። እንግዳው ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጦ ምራቁን እየዋጠ ያነባል። «ምን ልታዘዝ?» ትላለች አስተናጋጇ። «ክትፎ፣ ለብ ለብ።» «ክትፎ የለም።» «አሳስ?» «አሳ ዛሬ አልመጣም።» «ዶሮ?» «ዶሮ አልተሠራም ጋሼ።» «እና ምን አለ?» «ሽሮ አለ። ጥብስ ደግሞ ልጠይቅልዎት።» እንግዳው ሜኑውን ያጥፋል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ ስለ አገሪቱ ሁኔታ አንድ ሁለት ነገር ይናገራል።

የዚህ እንግዳ ቅሬታ የታወቀ ነው፤ የጠረፍ ከተማ ሆቴል በተነሳ ቁጥር የሚሳቀው በዚሁ ነው። እኔ ግን ለአስተናጋጇ ልሟገት ነው። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሊታመን የሚገባው ወጥ ቤት «የለም» የሚለው ነው። ከሜኑው የጠሩትን ሁሉ በአሥር ደቂቃ የሚያቀርብ ሆቴል ካጋጠመ፣ የውሃውን ሂሳብ ከፍሎ በጊዜ መውጣት ይሻላል።

ነገሩ ከሙቀቱ ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ መተማ 700 ሜትር አካባቢ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ለአገሬው ወሬም አይሆን። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ሥጋን የመሰለ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ የሚፈቅዱት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሂሳቡን እንግዳው ራሱ ይሥራው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተከተፈ ሥጋ ላይ ያረፈች አንዲት ባክቴሪያ እስከ ሰባት ሰዓት ምሳ ድረስ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ዘር ልታፈራ ትችላለች። ያ ሁሉ ቤተሰብ «ለብ ለብ» ተብሎ ይቀርባል። ፍሪጅ የለም ወይ? አለ እንጂ። ፍሪጅ ግን የሚያቀዘቅዘው መብራት ሲኖር ነው፤ በመብራት ጉዳይ ደግሞ ይህ ቆላ ለየት ያለ ዕድል ገጥሞታል። የኢትዮጵያን ኤሌክትሪክ ለሱዳን የሚያደርሰው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከጎንደር ተነስቶ በሸኸዲ በኩል አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው በዚሁ ነው። መብራት በጠፋ ምሽት ቀና ብሎ ገመዱን ማየት ይቻላል፤ ፍሪጁን መሰካት ግን አይቻልም። ጄኔሬተር ያለው ሆቴልም ነዳጁን አስቦ ነው የሚያስነሳው፤ ሲያስነሳም ቴሌቪዥኑና የቢራ ማቀዝቀዣው ቅድሚያ አላቸው። ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋ፣ ሥጋው የት እንዳደረ ከወጥ ቤቷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ክትፎ የለም» የሚለው መልስ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ እንግዳው ሳይከፍል የላቦራቶሪ ውጤት ደረሰው ማለት ነው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የዘመን መቁጠሪያው አለ። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ይህን ማንም ያውቃል፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሁዳዴ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መሆኑ፣ የመተማ ቆላ ከዓመት ዓመት በጣም የሚነደውም በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ሥጋ ለመበላሸት በሚቸኩልበት ወቅት ሥጋ አይበላም። ቀኖናው ለመተማ ታስቦ ነው አልልም፣ ሊቃውንቱ ይቆጡኛል፤ ግን ለመተማ ፍሪጆች እንደዚያ ጾም የተመቸ ነገር የለም። በዚያ ላይ ከተማዋ የክርስቲያንም የሙስሊምም ናት። ወጥ ቤቱ ለሁለት ዓይነት ሥጋ ሁለት ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ዓመቱን ይዞራል። በ2016 ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በጠራራው ገብቶ ዱለት ያዘዘ ሰው ካለ፣ «የለም» ሲባል የተነገረው ስለ ዱለት ብቻ አልነበረም።

ዓመቱ ሲዞር ደግሞ ሌላ ፊት ይመጣል። በመስከረም መጨረሻ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ በሰዓቱ ካልታጨደ እንክብሉ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋው የቀን ሠራተኛ በመኪና ተጭኖ ይወርዳል፣ ደላላው ይሯሯጣል፣ ባለሀብቱ ስልክ ላይ ይጮኻል፣ ብር በከተማው ውስጥ ይዘዋወራል። በሬ በየቀኑ ይታረዳል፤ በየቀኑም ያልቃል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 እስኪገባ ድረስ፣ ረቡዕና ዓርብን ትቶ፣ ጥብስ ከጭሱ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። ክትፎም ያን ጊዜ ይገኛል፤ ሥጋው ሳያድር ስለሚያልቅ ጥሩ ክትፎ ነው። እንግዲህ ሜኑውን ስናየው ውሸት የጻፈ ወረቀት አይደለም። በውስጡ ያለው ምግብ ሁሉ በዓመቱ ውስጥ በሆነ ቀን ይኖራል። እንግዳው የተሳሳተው የዓመት ሰነድ ይዞ የዕለት ምሳ መጠየቁ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን ይጻፋል?» የሚል ተሟጋች እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም የዋዛ አይደለም። መልሱ ሜኑ ለተመጋቢ ብቻ የሚጻፍ አለመሆኑ ነው። ሆቴል የተባለ ቤት ሜኑ ሊኖረው ይገባል፤ ሜኑ የሌለው ምግብ ቤት ስሙ ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ቀን ወደ ትልቅ ከተማ ሲወጣ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ የሌላ ሆቴል ሜኑ በአርአያነት ያሠራል። ኮምፒውተር የሚመታው ልጅ መተማን አይቶ አያውቅም፤ ላዛኛ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። በዚህ ላይ አልከራከርም፣ ይህ ጥፋት ነው። ግን የማን ጥፋት? አስተናጋጇ የዚያን ወረቀት ስህተት በየጠረጴዛው በቃሏ የምታርም ሠራተኛ ናት፤ ለእርማቷ የሚከፈላት ግን ኩርፊያ ነው። «ገና ስቀመጥ ያለውን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» የሚለው ቅሬታ ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። እሷ ግን ባለቤቱ ያሳተመውን ወረቀት እንግዳ ፊት በአንዴ መሻር አትችልም፤ አንድ በአንድ ታፈርሰዋለች። መፍትሔው በእንግዳው እጅ ነው፤ ሜኑውን ሳይገልጥ «ዛሬ ምን ይሻላል እህቴ?» ቢል፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ሸክም ወርዶ እውነቱን በአንድ ትንፋሽ ትነግረዋለች። ያ መልስ አራት ምግብ ቢይዝ ነው። አራቱም ግን አሉ።

አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ ማየት ደግ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ቋንጣ ፍርፍር፤ አንዳንዴም ድርቆሽ። ሁሉም ደርቀው የሚቀመጡ ናቸው፤ ሙቀት የሚገድለውን እርጥበት አስቀድመው የጣሉ። ይህ የወጥ ቤት ስንፍና ሳይሆን ከፍሪጅ በፊት የተገኘ ዕውቀት ነው። አበሾች ወደ ቆላ በዘመቱ ቁጥር ስንቃቸው በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነበር። ከተማዋ ስሟን የወሰደችባቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁበት የመጋቢት 1881 ጦርነት የተደረገውም ሁዳዴ ውስጥ ነበር፤ ያ ሁሉ ሠራዊት ወደዚህ ቆላ ሲወርድ ሜኑ አልያዘም። ቋንጣ ፍርፍር ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎች እንደ ቅንጦት ይቆጠራል፤ በመተማ ግን አመጣጡ በዓይን ይታያል። ሥጋው ተሸንሽኖ፣ በበርበሬና በጨው ታሽቶ ገመድ ላይ ሲሰጣ ያ የሚማረሩበት ፀሐይ ሥራውን ይሠራል፤ ደጋ ላይ በክረምት ቋንጣ ለማድረቅ የሚታገል ሰው ይቅና። ሽሮውም ቢሆን እዚህ የራሱ ማዕረግ አለው። ውሃ ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ መተማ ላይ 97 አልፎ ነው። አራት አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ለምስርና ለባቄላ ግን ትልቅ ልዩነት ነው፣ ቶሎና በደንብ ይበስላሉ። ስለዚህ የመተማ ሽሮ ከጎንደር ሽሮ በዲግሪ ይበልጣል ብሎ መናገር ይቻላል። ጎንደሬዎች ይህን በሳይንስ እንጂ በወገንተኝነት እንዳልተናገርኩት ይረዱልኝ።

እንጀራው ላይ ግን እንግዳው ትንሽ ሊጠነቀቅ ይገባል። ሊጥ በሙቀት ቶሎ ይቦካል፤ ደጋ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ አያድርም ማለት ይቻላል፣ ካለፈበትም ይኮመጥጣል። ጤፉ ከደጋ የሚመጣ ስለሆነ የሚወደድበት ጊዜ አለ፤ የአገሩ እህል ማሽላ ነው። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት ጥሩ ነው፣ ሲውል ይደርቃል። ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ገላባት ላይ ሱዳኖች ከዚሁ ማሽላ ከዚሁ ዓይነት ኮምጣጣ ሊጥ ኪስራ ይጋግራሉ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ድንበሩ በምጣድ ላይ አለመሠመሩን ይረዳል። ፉሉ፣ ካርካዴው፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና ያለ ቪዛ ሲመላለሱ ኖረዋል። ቡናው ሲፈላ የሚጨሰው እጣን ደግሞ ከዚሁ ከመተማና ከቋራ ቆላ ዛፍ የሚለቀም ነው። ይህን ለማዘዝ ሜኑ መግለጥ አያስፈልግም፤ ቡናው ሜኑ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ይፈላል።

አሁን የክርክሬ ጠላት ወደሆነው ነገር ልግባ፤ ቢራ። ተሟጋቹ እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ መብራት የለም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው ትላለህ። ቢራ ግን አንድም ቀን የለም ተብሎ አያውቅም፣ ያውም ቀዝቃዛ። ለቢራ የተገኘ መንገድ ለአሳ እንዴት ይጠፋል?» ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ የሚሰነዘረውም ብዙውን ጊዜ ቢራውን በያዘ ሰው ነው። መልሱ በራሱ ጠርሙሱ ውስጥ አለ። ቢራ ተከድኖ ለወራት ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋ ይሞቃል እንጂ አይበላሽም፤ መብራት ሲመጣ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። አሳ ይህን ዕድል አይሰጥም። ዳሽን ከዚሁ ከጎንደር ይወርዳል፤ በየጠረጴዛው በየምሽቱ ስለሚሸጥ መኪናው ሳይሞላ አይመጣም። ለዓመታት ገዥ ከማዶም ነበረ፤ ሱዳን በ1983 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ዘመን አልኮልን በሕግ ከከለከለች ወዲህ የጠረፉ ሆቴሎች ምሽት ላይ ምን ዓይነት እንግዳ እንደሚቀበሉ ለማንም ምስጢር አይደለም። የሚቆይና የሚሸጥ ነገር ሁልጊዜ አለ። የማይቆይና አንዳንዴ ብቻ የሚታዘዝ ነገር ሁልጊዜ ካለ ግን፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንግዳ ሲጠብቅ ከርሟል ማለት ነው። ከጣና ተነስቶ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደ አሳ ማክሰኞ መጥቶ ሐሙስም «አለ» ከተባለ፣ ፈሪ መሆን አዋቂነት ነው።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ ግን በቀልድ የሚመለስ አይደለም። «ይህ ድህነትን ማሽሞንሞን ነው፤ ጠረፍ ያለ ሰው ለምን ሽሮ ብቻ ይብቃው?» ይባላል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲቋረጥ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጠፋሉ፤ ድንበሩ ሲዘጋ ደግሞ የማዶው ዕቃ ይቀራል፣ በ2014 ክረምት ሱዳን መሻገሪያውን ዘግታ እንደከፈተችው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል የገባው ሰው ብዙ ነበር። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መስመር ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆኑ፤ የዕርዳታ ድርጅት መኪናዎችም ተከትለው መጡ። ያ ሁሉ ሰው ይበላል፤ ገበያው ግን ያው ገበያ ነው። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጦ ላዛኛ አጣሁ ብሎ መቆጣት ነውር መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ነውርነቱ ግን የመተማን ሰው የተሻለ ነገር ከመፈለግ አያግደውም። ጠረፍ ትንሽ ይብቃው አላልኩም። ቁጣው ከአስተናጋጇ ተነስቶ ወደሚመለከተው ይሂድ ነው ያልኩት፤ ወደ መንገዱ፣ ወደ ትራንስፎርመሩ፣ ከአናት በላይ ወደሚያልፈው ገመድ። አዲስ አበባ መሃል፣ መብራትና ሥጋ ቤት በቅርብ ያለው ሆቴል «የለም» ሲል ግን የእኔን ጥብቅና እንዳይጠራ።

ይህን ሁሉ ተሟግቼ አንድ «የለም» አልከላከልም። ሰሊጥን። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሀብቱ ሰሊጥ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ራሱን የቻለ ምድብ አለው፤ ሰሊጥ ለዓመታት ከቡና ቀጥሎ ዶላር ሲያመጣ የኖረ ሰብል ነው። ጥሬውን ተጭኖ ወደ ቻይና ይሄዳል፣ ወደ እስራኤል ይሄዳል፤ የእስራኤል ጠሂና አምራቾች ከሁመራ ሰሊጥ የተሠራ ነው ብለው ማሸጊያው ላይ ጽፈው ይኮሩበታል። ከድልድዩ ማዶ ሱዳናዊው ፉሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት ያፈስበታል። ከወዲህ ማዶ የሆቴሉ ፉል ላይ የሚፈሰው ባሕር ተሻግሮ የመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ ያውም የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ከጓሮው ጀርባ ተንጣሎ እያለ። እዚህ ላይ ወጥ ቤቷ የምታቀርበው ምክንያት የለም። ሙቀት እንዳትል፣ ሰሊጥ ሙቀት ወዳጁ ነው። ጾም እንዳትል፣ ሰሊጥ የጾም ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ እንጀራ ሲፈተፈትበት ለሁዳዴ የሚያህለው የለም። መብራት እንዳትል፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ውድ ነው የሚል ካለ፣ ለአንድ ሰሃን ፍትፍት የሚበቃው በእፍኝ የሚለካ ነው፤ ኩንታሉ ይሂድ፣ እፍኙ ይቅር። ግን የሚላክ ነገር የሚበላ አይመስለንም። ባለሀብቱም፣ ደላላውም፣ አስተናጋጇም ሰሊጥን በኩንታል እንጂ በሰሃን አያስቡትም፤ ለእንግዳው ማቅረብ ደግሞ ለማንም ትዝ አላለውም። በእርግጥ ሜኑውን አጥብቆ ለመረመረ ሰው ሰሊጥ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል። የመጨረሻው ገጽ ላይ በቀለም የታተመ የበርገር ሥዕል አለ፣ በዳቦው አናት ላይም ፍሬዎቹ ተበትነው በደንብ ይታያሉ። በርገሩ የለም።